የጦቢያ ንጉሥ በጋሞ ዓይን

መስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን በዓይኑ ያየ አይረሳውም፤ ያላየውም በፎቶግራፍ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገድለው፣ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ነበሩበት። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ የወጣቱ ደም ፈላ፤ ለዓመታት በጉርብትና አብሯቸው በኖረ ሰው ላይ ሊበቀሉ ወጡ። በዚያ ሰዓት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ቀድመዋቸው ደረሱ። ዱላ አልያዙም፤ አልተቆጡም፤ አልገዘቱም። ባህላዊ ልብሳቸውን እንደለበሱ በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። ሳር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው፤ በራስም፣ በልጅም፣ በከብትም ላይ መዘዝ የሚያመጣ ነውር። ወጣቶቹ ቆሙ። ተመለሱ።

ስለ አንድ አሮጌ ልብ ወለድ በምጽፈው ዘገባ ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቻ ላይ፣ የአንድ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበው መጻሕፍት የሚያነቡ ሰዎች ስለ «ጦቢያ» ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ የደረሰው እዚያ መስከረም ላይ ነበር። የደረሰበት መንገድ ደግሞ የመጽሐፉን ጭብጥ፣ ድምፀትና ገጸ ባሕርያት ከዚህ በፊት ባላየሁት በኩል አሳየኝ።

ሴቻ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የተቀመጠው የአርባ ምንጭ ክፍል ነው። ከግቢው አጥር ሥር መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ጫካው ይጀምራል፤ ከጫካው ማዶ በግራ ደለል ያቀላው አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በሁለቱ መሐል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር ተጋድሟል። አንባቢዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው፣ እና ሁሉም «ቲቸር» የሚሉት የአማርኛ መምህር። መጽሐፉ በበቂ ቁጥር ስለማይገኝ ፎቶ ኮፒ አስነስተው በፕላስቲክ ሽቦ አስጠርዘውታል። ጫፉ በእጅ ብዛት ተልጧል፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ማስታወሻ በጋሞኛ ነው።

«ጦቢያ» ቀጭን መጽሐፍ ነው። ዘጠና ገጽ ገደማ ቢሆን ነው፤ ዛሬ ኖቬላ ብለን የምንጠራው ቁመት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትመው ሽፋኑ ላይ ያለው ርዕስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም በኋለኞቹ እትሞች የጸናለት ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እሱ ነው። ዘጌ ላይ፣ በጣና ዳር የተወለደው አፈወርቅ በወጣትነቱ ሥዕል ሊማር ወደ ቱሪን ተልኮ ነበር፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ግን በኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። ከአገሩ በብዙ ባሕር ርቆ፣ የአገሩን ቋንቋ ለባዕዳን እያስተማረ።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። የክርስቲያን ሠራዊት ከአንድ አረመኔ ከተባለ ንጉሥ ጋር ተዋግቶ ይሸነፋል። የጦር አዛዡ ይማረካል። ማራኪው ቤዛ ይጠይቅበታል፤ ቤተሰቡ ግን የሚከፍለው የለውም። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ የማያውቀውን ሰው ለማስፈታት ገንዘቡን ይሰጣል። አዛዡ ወደ ሚስቱና ወደ መንታ ልጆቹ፣ ወደ ዋሕድና ወደ ጦቢያ ይመለሳል። ቤተሰቡ ግን ደስታው ውስጥ መቀመጥ አልቻለም፤ የዚያ ሰው ውለታ ከበደው። ዋሕድ ባለውለታውን ፍለጋ ይወጣና በመንገድ የባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። እሱን ፍለጋ አባትየው ይነሣል፤ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ትከተለዋለች። እነሱም በተራቸው በዚያው ንጉሥ ሰዎች እጅ ይገባሉ። ንጉሡ ይራራላቸዋል፤ ቤቱ ያኖራቸዋል። ከንጉሡ ዘመዶች አንዲት ወጣት «ወንዱን» ጦቢያን ትወዳለች። ምስጢሩ ሲገለጥ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ይወዳል፤ እሷ ግን ሃይማኖታችን አንድ አይደለም ብላ እምቢ ትላለች። ንጉሡ ክርስትና ይነሣል። ዋሕድ ይገኛል። ንጉሡ ጦቢያን፣ ዋሕድ የንጉሡን ዘመድ ያገባሉ።

መምህሩ ውይይቱን ሲከፍት «ጭብጡ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ለምን እንደማይጠይቅ ሲነግረኝ በምሬት ነበር። ተማሪዎች ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ «ፍቅር ነው»፣ «ደግነት ነው»፣ «ሃይማኖት ነው» ብለው ያበቃሉ። እነዚህ ርዕሰ ጉዳዮች እንጂ ጭብጦች አይደሉም። የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ያነበበ ልዩነቱን በንድፈ ሐሳብ ያውቀዋል፤ ከመጽሐፍ ውስጥ ማውጣቱ ነው የሚያስቸግረው። ጭብጥ ሙሉ አረፍተ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ የሚለው፣ ልንስማማበትም ልንከራከረውም የምንችለው ነገር። ስለዚህ መምህሩ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ጉልበቱ በማን እጅ ነው? ያ ሰው በጉልበቱ ምን አደረገ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መጽሐፉን ግን ገልብጦ ያሳያል። ከሽንፈቱ በኋላ ጉልበቱ በማራኪው እጅ ነው፤ ዋጋ ጠየቀበት። ቀጥሎ ጉልበቱ በነጋዴው ገንዘብ ውስጥ ነው፤ ሰጠው፣ መልሱንም አልጠበቀም። ቀጥሎ የባሪያ ነጋዴዎቹ ናቸው ጉልበተኞቹ፤ ሰውን ሸጡ። በመጨረሻ ጉልበቱ ሁሉ በንጉሡ እጅ ይጠቃለላል። አባትና ልጅ ምርኮኞቹ ናቸው፤ ሊሸጣቸው ይችላል፤ ጦቢያንም ያለ ፈቃዷ ሊወስዳት ይችላል፤ የሚከለክለው አንድም ሰው የለም። አላደረገውም። ለመናት፤ እምቢ ስትለው ሰማ፤ የሚለወጠውም እሱ ሆነ።

«እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰላም የመጣው ጉልበት ያለው ሰው ዝቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ነው» አለ የባንክ ሠራተኛው። ለእኔ ይህ አረፍተ ነገር ጭብጥ ነው፤ ሊመረመር ይችላል፣ ከገጽ ገጽ ሊፈተን ይችላል። ነጋዴው ጋ ይሠራል፤ ንጉሡም ጋ ይሠራል። ማራኪውና የባሪያ ነጋዴዎቹ ደግሞ በተቃራኒው ያረጋግጡታል። «ፍቅር ሁሉን ያሸንፋል» የሚለው የተለመደ መልስ ግን ነጋዴው ጋ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ነጋዴውን ያነሣሣው የወንድና የሴት ፍቅር አይደለምና።

ወሬው ወደ መስከረም 2011 የሄደው እዚህ ላይ ነው። ነርሷ ናት ያነሣችው። «የእኛ አባቶችም ጉልበት ነበራቸው» አለች፤ «ልጆቹን ሂዱ ቢሏቸው ይሄዱ ነበር። ዝም ቢሏቸውም ይሄዱ ነበር። የተበደለው ወገን ሽማግሌ ነው ተነሥቶ የተንበረከከው።» ከዚያ በኋላ ለአፍታ ማንም አልተናገረም፤ የሁሉም ዘመድ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ዙሪያ ነበረና።

ቀጣዩ ክርክር ግን ከዚህ የጠነከረ ነበር። የተነሣውም ከአንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዶርዜ ያደገች፣ ለትምህርት አርባ ምንጭ ዘመድ ቤት የምትኖር። ተራዋ ደርሶ ድምፅ ከፍ አድርጋ ስታነብ «አረመኔ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቀንሳል። መጀመሪያ የንባብ ድካም መሰለኝ። በኋላ መምህሩ ሲጠይቃት ተናገረች፦ «ቲቸር፣ ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው። ተራኪው ግን ጥሩ ሰው ነው እያለም ይሰድበዋል።»

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ድምፀት ከሚማረው ሁሉ ይህ አስተያየት ይበልጣል። ድምፀት ማለት ደራሲው ወይም ተራኪው ለሚያወራው ነገር ያለው ስሜትና አቋም ነው። በቀጥታ አይነገርም፤ በቃላት ምርጫው፣ ረጅም ጊዜ በሚቆይበትና ፈጥኖ በሚያልፈው ነገር ይሰማል። አፈወርቅ የቃል ሀብታም ነው። አንዱን ስሜት ለመግለጽ ቃል በቃል ላይ ይደርባል፤ ቤት እየመታ፣ እያወረደ፣ እየመለሰ። ይህ ሀብት የሚፈስሰው በአመዛኙ ወደ አንድ ወገን ነው። የተሸነፈው የክርስቲያን ሠራዊት መከራ፣ የተማረከው አባት ውርደት፣ የቤተሰቡ ሐዘን ቀስ ብሎ፣ በርኅራኄ ይተረካል። የወዲያኛው ወገን ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጅምላ ነው የሚመጡት፤ መለያቸውም ያ አንድ ቃል ነው።

ንጉሡ ግን ከዚያ ጅምላ ውስጥ ወጥቶ ሰው ሆነ። ያዝናል፤ ያመነታል፤ ይጠይቃል፤ ይለወጣል። የገጸ ባሕርይ አሣሣል ከሁለት ቦታ ይቀዳል፦ ተራኪው ስለ ሰውዬው ከሚለውና ሰውዬው ራሱ ከሚያደርገው። ጎበዝ ደራሲ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ሆነ ብሎ ያጋጫቸዋል። አፈወርቅ ሆነ ብሎ ነው ያጋጫቸው ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ የዘመኑ ሰው ነበርና። የሆነው ሆኖ ግጭቱ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ድምፀቱ ወደ አንድ በኩል፣ ገጸ ባሕርዩ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ዘንድሮም መጽሐፉን ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዶርዜዋ ልጅ አላቆመችም። «ክርስትና ሳይነሣ በፊት ነው ያዘነላቸው» አለች። የመንገድ ሥራ ጡረተኛው ተቃወሟት። ሽማግሌው ጥሩ አንባቢ ናቸው፤ መጽሐፉ የተጻፈው በዚያ ዘመን በነበረ ክርስቲያን ነው፣ ፍጻሜውም ወደ ጥምቀት የሚወስድ ነው፣ ደራሲው ያላለውን እንዳለ አናድርግበት አሉ። ትክክል ናቸው፤ መጽሐፉ በጥምቀትና በሰርግ ነው የሚፈጸመው፣ ያንንም የደስታ ፍጻሜ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ነገር ግን የልጅቱ ክርክር በደራሲው ሐሳብ ላይ ሳይሆን በድርጊቱ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነበር። የትኛው ቀደመ? ምሕረቱ ቀደመ። የንጉሡ ደግነት የጥምቀቱ ውጤት ቢሆን ኖሮ፣ ጦቢያና አባቷ እስኪጠመቅ ድረስ በሕይወት ባልቆዩ ነበር። ሴራው፣ ማለትም ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተሣሠሩበት ሰንሰለት፣ ተራኪው ያላለውን ይመሰክራል። እኔ በዚህ ክርክር ከልጅቱ ጋር ነኝ።

ይህን ንባብ ያለ ታሪክ ማየት ከባድ ነው። መጽሐፉ ዘመንም አገርም አይጠራም፤ «በአንድ ዘመን» የሆነ ነው። የተጻፈበት ዘመን ግን የታወቀ ነው። በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር ከጋሞ በስተ ሰሜን ወላይታ ላይ ዘመተ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። በተከታዮቹ ዓመታት ደሬ የሚባሉት የጋሞ ደጋማ ግዛቶችም በዚያው ግዛት ሥር ገቡ፤ ጨንቻ የአስተዳደር ከተማ ሆና እስከ 1950ዎቹ ድረስ ቆየች፤ ከዚያ በኋላ ነው መቀመጫው ቆላ ወርዶ አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው። «ጦቢያ» የታተመው ከወላይታው ዘመቻ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በእውነተኛው ታሪክ የተሸነፈው የደቡብ ንጉሥ ነበር። በልብ ወለዱ ግን አሸናፊው እሱ ነው፤ ተማራኪው ደግሞ የክርስቲያኑ አዛዥ። በሕይወት ተሸናፊው በአሸናፊው ሥርዓት ሥር ገባ፤ በልብ ወለዱ አሸናፊው የተሸናፊውን እምነት በፈቃዱ ተቀበለ። አፈወርቅ ታሪኩን እንደ መስታወት ገልብጦታል።

ለምን ገለበጠው? ደራሲው አልነገረንም። እኔ የማየው ይህን ነው፦ ድል አድራጊ ሰው እንዲራራ የሚፈልግ ጸሐፊ፣ ድሉን ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ አለበት። ርኅራኄን ከተሸናፊ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

እግረ መንገዴን፣ ያ መጽሐፍ የሚለው «አረመኔ» ደቡብን እንዳለ ይወክላል ብሎ ለሚያስብ አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። ጋሞ ደጋ ላይ ብርብር ማርያም አለች፤ ከምኒልክ ዘመቻ እጅግ ቀድማ የቆመች፣ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ያሏት ቤተ ክርስቲያን። በጋሞ ተራሮች ላይ መስቀልና ሳር ጎን ለጎን ኖረዋል። የዶርዜዋ ልጅም በየዓመቱ «ዮ ማስቃላ» እያለች መስቀልን የምታከብር የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ ያ ቃል ላይ ድምፅዋ የሚቀንሰው ሃይማኖቷ ተነክቶ ሳይሆን ቅድመ አያቶቿ በጅምላ ሲጠሩ ስለሰማች ነው።

ስለ ደራሲው ሕይወትም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ መምህሩ ሳይሸሽ መለሰ። አፈወርቅ በአድዋ ዘመን ከጣሊያን ጋር የወገነ ሰው ነበር። ስለ ዐፄ ምኒልክ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ውዳሴ የበዛበት፣ በዐፄ ዮሐንስ ላይ ደግሞ ብዕሩ የከረረበት ነው፤ ለዚህም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በብርቱ ተችቶታል። በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በድሬዳዋ ጉምሩክ፣ በዳኝነት፣ በሮም በዲፕሎማትነት አገለገለ። በወረራው ዘመን ለጣሊያን ባደረገው አገልግሎት «አፈ ቄሣር» የሚል ስም አተረፈ። ከነጻነት በኋላ በጅማ በግዞት ኖሮ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 አረፈ። የባንክ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ መጽሐፉን ማንበብ እንዳስጠላው ተናገረ። መምህሩ የሰጠው መልስ ጥሩ ነበር፦ የሰውየውን በደል አናጥብለት፣ መጽሐፉንም በሰውየው በደል አንስቀለው፤ ገጹ ላይ ያለውን እናንብብ። ይህ ቃል ከባድ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላውቅም። በተለይ ስለ ጉልበትና ስለ ርኅራኄ የሚናገር መጽሐፍ፣ ለጉልበት አብዝቶ ያደረ ሰው መጻፉ ራሱ የሚያሳዝን እውነት ነው።

ጦቢያ ራሷ ከንጉሡ ያነሰ ውይይት ገጠማት፤ ይህ ቅር አሰኝቶኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያላትን ጀግና ስም በሌለው ንጉሥ ጥላ ሥር መጣል አይገባም። ወንድ መስላ መንገድ የወጣች ልጅ ታሪክ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በስንክሳር ወንድ መስለው በገዳም የኖሩ ቅዱሳት አሉ። በሌላው ዓለምም የሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» የሚባለው ተውኔት አለ፤ እዚያም መንታ ወንድምና እህት ይጠፋፋሉ፤ እህትየዋ ወንድ መስላ መስፍን ታገለግላለች፤ አንዲት እመቤት ወንድ መስሏት ትወዳታለች፤ በመጨረሻ መስፍኑ እህትየዋን፣ እመቤቲቱ ወንድምየውን ያገባሉ። መመሳሰሉ ያስደንቃል። ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይልቅ ያስተምራል። በእንግሊዛዊው ተውኔት ልብስ መለወጥ የሳቅ ምንጭ ነው፤ ተመልካች እያወቀ ሰዎቹ ሲሳሳቱ ይዝናናል። በ«ጦቢያ» ውስጥ ድምፀቱ ሌላ ነው፤ የልጅቷ ልብስ የስጋት ልብስ ነው። መንገዱ ሰው የሚሸጥበት መንገድ ነው፤ ወንድሟ እዚያው ላይ ነው የጠፋው። አንድ ዓይነት ሴራ በሁለት ድምፀት ሁለት ታሪክ ይሆናል።

ነርሷ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር አስታወሰች። ገና ጎህ ሳይቀድ ከደጋ ወደ ገበያ ጭነት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ልጅ እያለች እናቷ እንዲህ ስትሄድ የአባቷን ጋቢና ኮፍያ ታደርግ ነበር። ብርዱ ነው ትል ነበር። «ብርዱ ብቻ አልነበረም» አለች ነርሷ።

የጦቢያ ባሕርይ የሚገለጠው ግን በልብሷ አይደለም፤ በእምቢታዋ ነው። ምርኮኛ ናት፤ አባቷ በንጉሡ ቤት እንጀራ ነው የሚያድረው፤ ወንድሟ የት እንዳለ አይታወቅም። እሺ ብትል ሁሉም መከራ ያበቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው የሚናገራት አንዲት ቃል ናት ባሕርዩን የምታሳየው። ንጉሡ ዝቅ ያለው ስለ ራራ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ስላገኘ ጭምር ነው። የባንክ ሠራተኛው ያወጣው ጭብጥ ያለ እሷ ግማሽ ይሆናል።

በሌላ ቀን ከልጅቷ ጋር ወደ ዶርዜ ወጣን። መኪናው ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥቶ ጠመዝማዛውን ሲወጣ አየሩ ይለወጣል፤ ሙዝና ማንጎ ወደ ኋላ ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል። አያቷን ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከቀርከሃ የተሠራው ረጅም ቤት ከኋላቸው ነበር፤ የታችኛውን ጫፍ ምስጥ ሲበላው እየቆረጡት ስለሚያሳጥሩት ከጎረቤቱ ያጥራል። ቆጮ በዳጣ ቀረበልን። ከጓሮ የሸማ መወርወሪያው ድምፅ ይሰማል፤ አጎቷ ድንጋይ ላይ እንጂ ወንበር ላይ የማይቀመጥ የድሮ ሸማኔ ነው።

ልጅቷ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጋሞኛ ተረከችላቸው። እኔ ከቃላቱ ጥቂቱን ብቻ ብረዳም፣ የት እንደደረሰች ከፊታቸው አውቅ ነበር። ነጋዴው ጋ ስትደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሪያ ነጋዴዎቹ ጋ ፊታቸው ጨለመ፤ በዚህ ደጋ የዚያ ንግድ ትዝታ የሩቅ አይደለም። ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ጥያቄ ጠየቁ፤ እሷ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«ሰርጉ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ጦርነት የሞቱትስ? የእነሱን ነገር ማን ጨረሰው?»

በጋሞ ሥርዓት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነገር በመዋደድ ብቻ አይዘጋም። ሰዎቹ ዱቡሻ ወደሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ይወጣሉ፤ በደሉ በአደባባይ ይነገራል፤ የበደለ በደሌ ነው ይላል፤ ሽማግሌዎች ሳር ይዘው ይመርቃሉ። ያልተነገረ በደል ጎሜ ሆኖ ይቆያል፤ በትውልድ ላይ ይወርዳል። የልጅቷ አያት በዚህ ሚዛን «ጦቢያን» መዘኑትና ጎዶሎ ሆኖ አገኙት። ንጉሡ ዝቅ ብሏል፤ ለሚወዳት ሴት ግን ነው ዝቅ ያለው። ልጃቸው ያን ቀን ሜዳ ላይ ለቀረባቸው እናቶች በሁለቱም ወገን ማንም ዝቅ አላለላቸውም። ታሪኩ ሁለት ሰርግ ደግሶ እነሱን ሳያነሣ ያልቃል።

ልጅቷ አያቷን ለመከራከር ሞከረች። ልብ ወለድ ነው፣ አጭር ነው፣ ሁሉን ሊይዝ አይችልም አለች። ንጉሡ እነ ጦቢያን ማርኮ ሳለ ምሕረት ማድረጉ በራሱ ስለ ሙታኑ ካሳ ነው ስትል ደግሞ፣ አያቷ ነገሩ ገባቸው፤ አልተቀበሉትም ግን። ካሳ ለማን እንደሚከፈል ሳይነገር ካሳ አይባልም አሏት።

ይህን ጥያቄ ወደ ሴቻ ይዛው ወረደች። መምህሩ ሰምቶ ለቡድኑ የቤት ሥራ አደረገው፦ በመጀመሪያዎቹ የውጊያ ገጾች ላይ ደራሲው የሚያስቀምጠው ሐዘን በኋላ የት ይሄዳል? ይከተሉት። የባንክ ሠራተኛው ሐዘኑ ሁሉ ወደ አንድ ቤተሰብ ተጠቃልሎ ይገባል የሚል መልስ ይዞ መጣ፤ ከሺህ ሰው መከራ ጀምሮ የአራት ሰው መከራ ሆኖ ይቀጥላል፣ ስለዚህ የአራቱ ደስታ የሺሁን ሐዘን የጨረሰ ይመስላል አለ። የኖቬላ ጥንካሬም ድካሙም ይህ ነው፤ ጥቂት ሰው ላይ በማተኮሩ ልብ ይነካል፣ በዚያው ማተኮር ብዙ ሰው ከዓይን ይሰወራል። የመንገድ ሥራው ጡረተኛ በዚህ ጊዜ ከልጅቱ አያት ጋር ወገኑ፤ በእድሜም ቅርብ ናቸው፣ ምናልባት ሁለቱም የቀበሩት ሰው ከእኛ ይበዛል። የዶርዜዋ ልጅ ግን አሁንም አልተስማማችም። ንጉሡ ስም የለውም፣ ሙታኑም ስም የላቸውም፣ እኔ ለሁለቱም እቆረቆራለሁ፣ ግን መጽሐፉ መጀመሪያ ያሳየኝ እሱን ነው አለች። በዚህ ርዕስ አንድ ጽሑፍ እየጻፈች ነው፤ መምህሩ ለምንጭነት አያቷንም እንድትጠቅስ ፈቅዶላታል።